ገልብጡልን ብንል ገለበጡብን፦ የ1953ቱን የማሲሎን ፊልም ስለ ሠሩልን ሁለት ድርጅቶች

በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ ዕድሜያቸው 88 የደረሰ አንድ አሜሪካዊ አረጋዊን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ባለፈው ዓመት በረዶው ሊገባ ሲል ሴት ልጃቸው ምድር ቤቱን ስታጸዳ አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘች፤ በውስጡም አሥራ አንድ ጥቅል የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ እያንዳንዱ ቢጫ የኮዳክ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። በሦስቱ ካርቶኖች ላይ የአረጋዊው አባት በእርሳስ «ነብሮቹ፣ 53» ብለው ጽፈዋል። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ፊልሞች ወደ ዲጂታል እንዲገለብጡልን ገንዘብ ስለ ከፈልናቸው ሁለት ድርጅቶች የተጻፈ ግምገማ ነው። የሁለቱንም ስም አላነሣም፤ የመጀመሪያው የሠራው ስሕተት በዚህ ሙያ የተለመደ በመሆኑ አንድን ቤት ብቻ ነጥሎ ማሳጣት ፍትሐዊ አይመስለኝም፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ትንሽ ሱቅ ስለሆነ ሥራ እንዳይበዛበት ስሙን እንዳልጠቅስ ባለቤቱ ራሱ ለምኖኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። አረጋዊውንም «አባባ» እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በስማቸው ብጠራቸው ይከፋቸዋል።

አገልግሎቱን ለመገምገም ፊልሙ ምን እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ድርጅት የተሰናከለው በዚሁ ላይ ነውና። «ነብሮቹ» የሚባሉት በሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ የምትገኘው የማሲሎን ከተማ የዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፉትቦል ቡድን ናቸው። ፉትቦል ስል በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። ማሲሎን በዚያ ዘመን ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ የአባባ አባትም እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው በሪፐብሊክ ስቲል ይሠሩ ነበር። ቡድኑን ስመ ጥር ያደረገው ከ1932 እስከ 1940 ያሠለጠነው ፖል ብራውን ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት 80 ጨዋታ አሸንፎ በ8 ብቻ ተሸንፏል፤ በ2ቱ ደግሞ አቻ ወጥቷል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን የዚያን ያህል የሚያስፈራ ሌላ ዘመን መጣ። ቸክ ማዘር የተባለ አሠልጣኝ በ1948 ቡድኑን ተረክቦ በስድስት ዓመት ውስጥ ካደረጋቸው 60 ጨዋታዎች 57ቱን አሸነፈ፤ በስድስቱም ዓመት ቡድኑ የግዛቲቱ ሻምፒዮን ተብሎ ተመረጠ። «ተመረጠ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የተጠቀምኩት፤ በኦሃዮ የትምህርት ቤቶች የጥሎ ማለፍ ውድድር የተጀመረው በ1972 በመሆኑ በዚያ ዘመን ሻምፒዮኑ የሚታወቀው በአሶሺየትድ ፕሬስ የድምፅ አሰጣጥ ነበር። ማሲሎን በጥሎ ማለፍ የተገኘ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሣው በ2023 ነው፤ ውጤቱም 7 ለ 2 ነበር። አባባ ያን ምሽት «ሰባ ዓመት ዘገየ» ያሉት 1953ን ቆጥረው ነው። 1953 የማዘር የመጨረሻ ዓመት ሲሆን ነብሮቹ አሥሩንም ጨዋታ አሸንፈዋል።

በዚያች ከተማ ፊልም የሥራ መሣሪያ ነበር። ማዘር የየጨዋታውን ፊልም ደጋግሞ እያየ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ነጥቡንም ለመደመርና ለማነጻጸር በአይቢኤም መሣሪያ ከተጠቀሙት ቀደምት አሠልጣኞች አንዱ ነው። ለእኔ የድሉ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብራውን በጀመረው ሥርዓት መሠረት የከተማዋ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትልቁን ቡድን አጨዋወት ይለማመዱ ስለነበር ልጁ ለዋናው ቡድን ሲደርስ ግማሹን ነገር ያውቀዋል፤ የደጋፊዎች ማኅበሩ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ለሚወለዱ ወንዶች ልጆች ትንሽ ኳስ ያበረክት ነበር፤ በ1939 የተሠራው ስቴዲየም አሁን እንኳ ከ16 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ የሚሠራበት፣ ቴሌቪዥን ገና በየቤቱ ያልገባበት ጊዜ ነው። እንዲህ የተደራጀ ቡድን ከጎረቤት ከተማ ልጆች ጋር ገጥሞ ባያሸንፍ ነበር የሚገርመው። ማዘር በ1954 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በመጀመሪያው ዓመት አሥሩንም ጨዋታ ተሸነፈ፤ አባባ ይህን ሲያወሩ ጥሎን ሄዶ እንዴት ይቀናዋል በሚል ስሜት ፊታቸው ዛሬም ይፈካል።

አባባ በ1953 የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ተጫዋች ግን አልነበሩም። በነብሮቹ የማርሽ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፉ ነበር። ባንዱ ሲያልፍ ከውስጥ ሆኖ የሚጫወት ሰው ባንዱን ከውጭ አያየውም፤ ስለዚህ ከፊልሙ የፈለጉት ዋናው ነገር ያንን ማየት ነበር። ገንዘብ የከፈልነውም በዋናነት ለዚያ ነው።

የመጀመሪያው ድርጅት በኢንተርኔት ትእዛዝ የሚቀበል ትልቅ ድርጅት ነው። ለአንድ ጥቅል 15 ዶላር፣ ለአሥራ አንዱ 165 ዶላር አስከፈለን። ማሸጊያ ሳጥኑን ራሱ ይልካል፤ በየጥቅሉ ላይ የሚለጠፍ ባር ኮድ አለው፤ ዕቃው የት እንደ ደረሰ በየደረጃው በስልክ መልእክት ያሳውቃል። በዚህ በኩል አንዳች ቅር የሚያሰኝ ነገር አላየሁም፤ እንዲያውም ከአገር ቤት ዕቃ ሲላክልኝ እንዲህ ያለ ክትትል ባገኝ ስንት ሌሊት እተኛ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊልሞቹ ሳይጎዱ፣ ከአንድ ፍላሽ ጋር ተመለሱ። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን፣ ሻይ አፍልተን ተቀመጥን።

ተጫዋቾቹ እንደ ጥንት የቀልድ ፊልም ሰዎች እየተንቀጠቀጡ ይሮጣሉ። በመጀመሪያ የካሜራው ዕድሜ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ስሌት ሠራሁ፣ ስሌቱንም ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል። ይህ ዓይነቱ የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም በአንድ ጫማ ርዝመት 80 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይይዛል፤ አንድ ጥቅል 50 ጫማ ነው፤ በድምሩ 4,000 ፍሬም ማለት ነው። የዚያ ዘመን የቤት ካሜራ በሴኮንድ 16 ፍሬም ስለሚያነሣ ሙሉ ጥቅል 250 ሴኮንድ፣ ይኸውም 4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ መቆየት ነበረበት። የመጡልን ፋይሎች 2 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ናቸው። 4,000ን ለ24 ብናካፍል የምናገኘው ይኸው ስለሆነ፣ ድርጅቱ ፊልሙን ሁሉ በሴኮንድ 24 ፍሬም እንዳስሮጠው ተረዳሁ። ነብሮቹ ፈጣን እንደነበሩ ባልጠራጠርም የዳኛው ፍጥነት ግን ሊታመን የሚችል አልነበረም።

ሁለተኛውን ጉድለት ያገኙት አባባ ናቸው። ባንዱ ወደ ሜዳው ሲገባ የሚያሳይ አጭር ትዕይንት ነበረ፤ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ጥቂት አዩና «ይህማ ማሲሎን አይደለም» አሉ። ብርቱካናማና ጥቁር መለያውን እያሳየሁ ተከራከርኳቸው። እርሳቸው ግን ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ትሮምቦኖቹን ተመልከት፤ ሁሉም በግራ እጃቸው ነው የሚገፉት» አሉኝ። ትሮምቦን የሚነፋ ሰው ተንሸራታቹን ቧንቧ የሚገፋው በቀኝ እጁ ነው፤ ግራኝ ሆኖ የተወለደም ቢሆን መሣሪያው የተሠራው እንደዚያ ስለሆነ ሌላ ምርጫ የለውም። ምስሉን አቁሜ ባጎላው የአንዱ ተጫዋች ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር 2 ፊቱን ወደ ተሳሳተው ጎን አዙሮ ቆሟል። ሦስቱም ጥቅሎች በመስታወት እንደሚታይ ምስል ቀኛቸው ግራ፣ ግራቸው ቀኝ ሆኖ ነበር። ገልብጡልን ያልናቸው ፊልሙን ወደ ዲጂታል ነበር፤ እነርሱ ግን ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ ሠሩበት።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቶሎም አይታወቅም። የዚያ ጊዜ ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ 25 ጫማ ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ባለካሜራው የአንዱን ጎን ስፋት አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን ይከፍትና ጥቅሉን አዙሮ በሁለተኛው ጎን ያነሣል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ አጥቦ ለሁለት ይሰነጥቀውና ጫፍ ለጫፍ ይቀጥለዋል። ካሜራው ሲከፈት ብርሃን ስለሚገባ በእያንዳንዱ ጥቅል መካከል ነጭና ብርቱካናማ ብልጭታ ይታያል። ከሦስቱ የማሲሎን ጥቅሎች አንዱ ከሌሎቹ በ9 ሴኮንድ ያጥራል፤ መካከሉ ላይ ብልጭታው የለም። የድርጅቱ ማሽን በብርሃን የተበላሸ የሚመስለውን ክፍል በራሱ ጊዜ እየቆረጠ እንደሚያስወግድ የነገሩን ቅሬታ ካቀረብን በኋላ ነው። ብልጭታውን ከነአካባቢው ቆርጠውታል። በአካባቢው ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ቅሬታውን በኢሜይል ላክሁ። መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በጨዋ ቋንቋ ደረሰኝ፤ የተገለበጠውን አቅጣጫ ያለ ክፍያ አስተካክለው ፋይሎቹን እንደገና ላኩልን። ፍጥነቱን ግን የሙያው ደረጃ ነው ብለው አልነኩትም፤ የተቆረጠውንም እንደ ጥራት ማሻሻያ ቆጠሩት። በተጨማሪም ለሚቀጥለው ትእዛዛችን የ20 በመቶ ቅናሽ ሰጡን። የ88 ዓመት ሰው ሌላ ቆርቆሮ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛው ሱቅ የተገኘው በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጥቆማ ነው። ለጥቅል 28 ዶላር ስለሚያስከፍል ሦስቱን የማሲሎን ጥቅሎች ብቻ ሰጠነው፤ 84 ዶላር ሆነ። ባለቤቱ ፊልሞቹን ከመቀበሉ በፊት ስልክ ደውሎ ጥያቄ ጠየቀን፦ ፊልሙ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ የትኛው ከተማ ነው፣ ጨዋታው የቀን ነው ወይስ የማታ፣ ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል ወይ? የኮምጣጤ ሽታ የፊልሙ መደብ መበስበስ መጀመሩን ስለሚያመለክት፣ እንዲህ ያለ ፊልም ይኮማተርና በጥርስ በሚጎትት ማሽን ላይ ሊቀደድ ይችላል። የእኛ አይሸትም ነበር። ያም ሆኖ ሰውየው ቀዳዳዎቹን በጥርስ በማይነካ ማሽን ፍሬም በፍሬም እንደሚያነሣ ነገረን።

ከፊልሙ ጠርዝ ላይም ዓመቱን አነበበልን። ኮዳክ ፊልሙን በሠራበት ዓመት መሠረት በጠርዙ ላይ ትናንሽ ምልክቶችን ያትም ነበር፤ ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ የእኛ ፊልም የ1933፣ የ1953 ወይም የ1973 ሊሆን ይችላል። ባለ ቀለም ኮዳክሮም ለ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ የቀረበው በ1936 በመሆኑ የመጀመሪያው ይወድቃል፤ በ1973 ደግሞ ሰው ሁሉ ሱፐር 8 ወደሚባለው አዲስ የፊልም ዓይነት ተዛውሯል። የእርሳሱ ጽሑፍ እውነት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያደረገልን ሳንጠይቀው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው።

ጉድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ፤ ጠዋት ስልክ አያነሣም፤ ደረሰኙን ሦስት ጊዜ ለምኜ ነው የተቀበልኩት። የሰጠን ዋና ፋይል ለፊልም ባለሙያ እንጂ ለቤት ቴሌቪዥን የሚሆን ስላልነበረ አነስ ያለ ቅጂ ለማግኘት ተመልሼ መሄድ ነበረብኝ። በአንጻሩ መጀመሪያ በ4ኬ (እጅግ ከፍተኛ በሆነ የምስል ጥራት) እንዲሠራልን ስንጠይቀው እምቢ ማለቱን አደንቃለሁ። የዚህ ፊልም አንድ ፍሬም ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ «ከዚህ በላይ ብታጎላው የምታየው የፊልሙን ቅንጣት ነው፣ ሰው አይደለም» ብሎ የገንዘቡን ልዩነት አስቀረልን። የመጀመሪያው ድርጅት ለዚሁ በጥቅል ተጨማሪ 10 ዶላር ሊያስከፍለን አቅርቦ ነበር።

ሥራው ግን ሥራ ነው። አንደኛው ጥቅል የማታ ጨዋታ ሲሆን ከሞላ ጎደል ጨለማ ነው፤ ኮዳክሮም በዚያ ዘመን ብርሃንን የመቀበል አቅሙ እጅግ አነስተኛ ስለነበር ከስቴዲየሙ መብራቶች በቀር የሚታየው በጭጋግ ውስጥ እንዳለ የሚንቀሳቀስ የብርቱካን ነጥብ ብቻ ነው። ባለ ሱቁ ጨለማውን በግድ አላነጣውም። የቀሩት ሁለት ጥቅሎች ግን የካንተን ማኪንሊ ጨዋታ ናቸው፤ የማኪንሊ ጨዋታ ደግሞ በልማድ ቅዳሜ በቀን የሚደረግ ስለነበር ፀሐይ አግኝቷል። ካንተን የጎረቤት ከተማ ናት፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ከ1894 ጀምሮ የሚገጥሙ ባላንጣዎች ናቸው፤ የጊዮርጊስንና የቡናን ነገር የሚያውቅ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። በትክክለኛው ፍጥነት ሲታይ የነብሮቹ አጨዋወት የሚያስደንቀው በሩጫው አይደለም፤ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት አሥራ አንዱም ልጆች ባንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ፍጹም ጸጥ ይላሉ፣ ከዚያም እንደ አንድ ሰው ይነሣሉ። የማኪንሊዎቹ ቀይና ጥቁር መስመር ደግሞ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። ማዘር በካርዱ ላይ ነጥብ ሲሰጥበት የነበረው ይህን መሆን አለበት። በችኮላው ቅጂ ላይ ይህ ጸጥታ አይታይም ነበር።

የአባባ አባት ቆጣቢ ሰው እንደነበሩ ከፊልሙ ይታወቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚያነሡት ለስድስትና ለሰባት ሴኮንድ ብቻ ነው፣ እንግዲህ አሥር ድል የተገኘበት ዓመት በሙሉ በ12 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ውስጥ ገብቷል። የተቀመጡትም ከእኛ ሚስማር ተራ በማይሻል ቦታ ሳይሆን አይቀርም፤ ከፊታቸው ያሉ ሰዎች ባርኔጣ ሩቡን ምስል ይሸፍነዋል።

የተቆረጠው ክፍልም ተመልሶ መጣ። ጥቅሉ ሊዞር ጥቂት ሲቀረው እረፍት ይሆናል፤ ኦቢ የተባለው ገጸ ባሕርይ፣ እውነተኛ የነብር ቆዳ የለበሰ ተማሪ፣ እየዘለለ ይቀድማል፤ ከኋላው ባንዱ ይከተላል፤ ምስሉ ወደ ነጭ ይለወጣል፣ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል። ባንዱ የሚታየው በድምሩ ለ13 ሴኮንድ ያህል ነው።

ለመጀመሪያው ድርጅት ከአምስት ሁለት፣ ለሁለተኛው አራት እሰጣለሁ። የሠርግና የልደት ቪኤችኤስ ካሴት ያላችሁ ወገኖቼ ለመጀመሪያው ዓይነት ድርጅት ብትሰጡ ብዙም አትጎዱም፤ ካሴት ፍጥነቱን በራሱ ይዞ ስለሚመጣ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራበትም። የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ያለው ሰው ግን ከመክፈሉ በፊት በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደሚያደርጉት፣ የሚቆርጡት ነገር እንዳለና ያልተቆረጠውን ቅጂ እንደሚሰጡ በጽሑፍ ያስመልስ። ፋይሉ ሲደርሰውም ሰዓት ይዞ ርዝመቱን ይቁጠር፤ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ያለበትን ቦታ ፈልጎ ያቁመው።

በ13ቱ ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ትሮምቦኖች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ አሁን ሁሉም በቀኝ እጃቸው ነው የሚገፉት። ፊታቸው ከሰናፍጭ ቅንጣት አይበልጥም። አባባ ሰኞ ዕለት በግራ በኩል ያለው እኔ ነኝ አሉ፤ ሐሙስ ዕለት ደግሞ መካከለኛው። ልጃቸው አንዱን ፍሬም አሳትማ ከመመገቢያ ጠረጴዛው በላይ ሰቅላዋለች፤ ከሥሩ ቦታውንና ዓመቱን ጽፋ የስሙን ቦታ ባዶ ተወችው።